ከ«ላክ» እስከ ፋይሉ፦ በድረ ገጽ የሚሰበሰብ የጥናት መረጃ የት ይጠፋል?

የመመረቂያ ጽሑፎች ስለ መረጃ አሰባሰብ የሚያትቱባቸው ምዕራፎች የተለመደ መልክ አላቸው። የናሙናው መጠን በቀመር ይሰላል፤ የመጠይቁ አስተማማኝነት በክሮንባህ አልፋ ይለካል፤ መጠይቁ በወረቀት ወይም በድረ ገጽ መበተኑ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይነገራል። ከዚያ «ከተበተኑት ውስጥ ይህን ያህሉ ተመልሰዋል» የሚል ቁጥር ይከተላል። በወረቀት ዘመን ይህ ቁጥር ብዙም አያከራክርም ነበር፤ የተመለሰው ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ተቆልሎ ይታያልና። መጠይቁ በድረ ገጽ ሲሆን ግን «ተመለሰ» የሚለው ቃል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ይሸፍናል፦ ተሳታፊው «ላክ» የሚለውን መጫኑንና መልሱ በሰርቨሩ ላይ ባለ ፋይል ውስጥ መገኘቱን። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ብዙውን ጊዜ አንድ የፕሮግራም መስመር ነው። ያ መስመር የጥናቱ ዘዴ አካል ነው፤ ስለሆነም እንደ ናሙናው አመራረጥ ሁሉ ሊገለጽ፣ ሊፈተሽና በፈታኞች ሊጠየቅበት ይገባል።

ጉዳዩ የቴክኒክ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለኮምፒዩተር ሳይንስ ትምህርት ክፍል መተው ይበቃ ነበር። ነገር ግን ከቅጹ ወደ ፋይሉ ሲሻገር የሚጠፋ መልስ በዘፈቀደ አይጠፋም። ብዙ ሰዎች በአንድ ቅጽበት ሲልኩ የተላከ፣ በአማርኛ ረዘም ተደርጎ የተጻፈ፣ ወይም መብራት ከመጥፋቱ ጥቂት ሰከንዶች ቀድሞ የገባ መልስ ከሌላው ይልቅ ለመጥፋት የተጋለጠ ነው። የስታቲስቲክስ መምህራን ስለ ጎደለ መረጃ ሲያስተምሩ በዘፈቀደ የጎደለውን በምክንያት ከጎደለው ይለያሉ። የመጀመሪያው በአመዛኙ ናሙናውን ያሳንሳል፤ ሁለተኛው ውጤቱን ያዛባል። እዚህ የሚያጋጥመው ሁለተኛው ነው። የሚከፋው ደግሞ፣ በወረቀት መጠይቅ ላይ ባዶ የተተወ ጥያቄ ባዶነቱ ሲታይ፣ በዚህ መንገድ የጠፋ መልስ ግን መጥፋቱን የሚጠቁም ምልክት ሳይተው መሄዱ ነው።

ጽሑፍን ከድረ ገጽ ወደ ፋይል መጻፍ ከድረ ገጽ ፕሮግራሚንግ ጋር አብሮ ያደገ ሥራ ነው። ራስመስ ለርዶርፍ እ.ኤ.አ. በ1994 ጀምሮ በ1995 ለሕዝብ የለቀቃቸውና ኋላ ፒኤችፒ ወደተባለው ቋንቋ ያደጉት ትንንሽ ፕሮግራሞች የመጀመሪያ ተግባራቸው በድረ ገጽ ያስቀመጠውን የሥራ ታሪኩን እነማን እንደጎበኙት መከታተል ነበር። የጎብኚ ቆጣሪና የእንግዶች መዝገብ የዚያ ዘመን ድረ ገጾች ጌጥ ነበሩ፤ ብዙዎቹም በተራ የጽሑፍ ፋይል ላይ ይሠሩ ነበር። ቆጣሪው አንድ ጎብኚ ቢያጎድል የሚጎዳ አልነበረም። ችግሩ የመጣው ያው ልማድ ሳይመረመር ወደ ጥናት መረጃ ሲዛወር ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ፒኤችፒ 5 ፋይል መክፈትን፣ መጻፍንና መዝጋትን «ፋይል ፑት ኮንቴንትስ» በሚባል አንድ ፈንክሽን ጠቀለላቸው። ምቾቱ እውነተኛ ነው፤ ነገር ግን በአንድ መስመር የተጻፈ ነገር አንድ ድርጊት ይመስላል፤ ከመስመሩ በስተጀርባ ግን እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ሊከሽፉ የሚችሉ በርካታ ድርጊቶች አሉ።

አንድ የማስተርስ ተማሪ መጠይቁን በኮምፒዩተር ላብ ውስጥ ለአርባ ተማሪዎች ያስሞላል እንበል። ፕሮግራሙ እያንዳንዱ መልስ ሲመጣ ቀድሞ የተከማቹትን መልሶች ከፋይሉ ያነብባል፣ አዲሱን ይጨምራል፣ ከዚያ ጠቅላላውን መልሶ ይጽፋል። መልሶቹ በጄሰን ቅርጽ በአንድ ዝርዝር ሲቀመጡ ጀማሪ የሚመርጠው መንገድ ይኸው ነው። ሁለት ተማሪዎች በአንድ ቅጽበት «ላክ» ሲሉ ሰርቨሩ ሁለቱን ጥያቄዎች ጎን ለጎን ያስተናግዳል። ሁለቱም ፋይሉን ሲያነብቡ 17 መልሶች ያገኛሉ፤ ሁለቱም የየራሳቸውን ጨምረው 18 መልሶች ይጽፋሉ። ኋላ የጻፈው የፊተኛውን ይደመስሰዋል። የቀረው ፋይል እንከን አይወጣለትም፦ ቅርጹ ትክክል ነው፣ የተቆረጠ መስመር የለውም፣ 18 መልሶች አሉት፤ መሆን የነበረበት ግን 19 ነው። ላብ ውስጥ መጠይቅ አስሞልቶ የሚያውቅ ሁሉ «ጨርሳችኋል? በሉ ላኩ» የሚባልበትን ቅጽበት ያውቀዋል፤ ጥፋቱም የሚከማቸው እዚያ ላይ ነው። በቤታቸው ሆነው በየሰዓታቸው የሞሉ ተሳታፊዎች መልስ ይተርፋል፤ በአንድ ክፍል የተሰበሰቡት ይቀንሳል። ተመራማሪው ሁለቱን ቡድኖች ለማነጻጸር ከተነሣ ንጽጽሩ ከመጀመሩ በፊት ተዛብቷል።

ለዚህ የሚሰጠው የተለመደ መልስ «ፋይሉን ቆልፈው» የሚል ነው። መልሱ ትክክል ቢሆንም ሁለት ነገሮች ይጎድሉታል። አንደኛው፣ በሊኑክስ ላይ ይህ ቁልፍ በስምምነት የሚሠራ መሆኑ ነው፤ ቁልፉን የሚያከብረው ቁልፉን የሚጠይቅ ፕሮግራም ብቻ ነው። ያልጠየቀው እንደ ልቡ ገብቶ ይጽፋል። ሁለተኛው የመቆለፊያው ጊዜ ነው። ፋይሉ «ደብሊው» በሚባለው የአከፋፈት ዓይነት ከተከፈተ ይዘቱ የሚደመሰሰው በተከፈተበት ቅጽበት ነው፤ ቁልፉ የሚጠየቀው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ተራውን በጨዋነት የሚጠብቀው ፕሮግራም መጠበቅ ከመጀመሩ በፊት የሌላውን ጽሑፍ አጥፍቶታል። «ሲ» የሚባለው የአከፋፈት ዓይነት ሳይደመስስ ስለሚከፍት ይህን ቀዳዳ ይደፍናል። «ፋይል ፑት ኮንቴንትስ»ም የመቆለፊያ ምልክቱ ሲሰጠው እንዲሁ ያደርጋል። ይሁንና መቆለፉ የሚጠብቀው መጻፉን ብቻ ነው፤ ንባቡ ከቁልፉ ውጭ ከተካሄደ የላይኛው የ17 እና የ18 ታሪክ ይደገማል። ማንበቡም መጻፉም በአንድ ቁልፍ ሥር መዋል አለባቸው።

ከዚህ ሁሉ የሚቀለው የቆየውን ሳይነኩ አዲሱን በፋይሉ መጨረሻ መጨመር ነው። በመጨመሪያ ዓይነት የተከፈተ ፋይል ላይ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እያንዳንዱን ጽሑፍ በዚያ ቅጽበት የፋይሉ መጨረሻ በሆነው ቦታ ያሳርፈዋል። አፓቼ የተባለው የድረ ገጽ ሰርቨር በርካታ ሂደቶቹ ጎን ለጎን እየሠሩ የጎብኚዎችን መዝገብ በአንድ ፋይል የሚይዘው በዚሁ መንገድ ነው። «ፋይል ለብዙ ተጠቃሚ አይሆንም» የሚለው አባባል ያለ ማብራሪያ ሲነገር፣ ተናጋሪው የሚጠቀምበት ሰርቨር ራሱ በየደቂቃው እንደሚያስተባብለው አያስተውልም። ገደብ ግን አለው። ፋይሉ በሰርቨሩ የራሱ ዲስክ ላይ ሳይሆን በኤንኤፍኤስ አማካይነት በኔትወርክ የተጋራ ከሆነ ይህ ዋስትና አይሠራም፤ ሁለት ማሽኖች በአንድ ጊዜ ሲጨምሩ ጽሑፋቸው ሊደራረብ ይችላል።

ሁለተኛው ጥፋት ከቴክኒክ ይልቅ ወደ ሥነ ምግባር ያደላል። ተሳታፊው ሃያ ደቂቃ ወስዶ መጠይቁን ሞልቶ ሲልክ «ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን» የሚል ገጽ ያያል። በብዙ የተማሪ ፕሮግራሞች ውስጥ ይህ ምስጋና የሚታየው መልሱ ስለተጻፈ ሳይሆን ፕሮግራሙ እስከዚያ መስመር ስለደረሰ ብቻ ነው። ዲስኩ ሞልቶ ቢሆን፣ ወይም የድረ ገጽ ሰርቨሩ በዚያ ማኅደር ላይ የመጻፍ ፈቃድ ባይኖረው፣ ፈንክሽኑ «ሐሰት» የሚል ዋጋ ይመልሳል፤ ከእሱም ጋር ማስጠንቀቂያ ይወጣል። ማስጠንቀቂያው ግን እንደሚገባው ከተጠቃሚ ዓይን ተደብቆ ማንም ወደማይከፍተው የስሕተት መዝገብ ይሄዳል፤ «ሐሰት» የሚለውን ዋጋም የሚያነብ የለም። ምስጋናው ይታያል፤ መልሱ የለም። የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴዎች ተሳታፊው ስለ ጥናቱ በቂ መረጃ አግኝቶ መስማማቱን ይጠይቃሉ፤ መልስዎ ደርሶኛል የሚለው ቃል እውነት መሆኑን ግን አይጠይቁም። ሁለቱም ከአንድ ምንጭ የሚነሡ ግዴታዎች ናቸው።

ፈንክሽኑ ተሳክቷል ብሎ ሲመልስ እንኳ ጽሑፉ ዲስክ ላይ ደርሷል ማለት አይደለም። ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ጽሑፉን ተረክቦ በማህደረ ትውስታ ይዞታል ማለት ብቻ ነው። ሊኑክስ በተለመደው አሠራሩ እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ወደ ዲስክ ለማሳለፍ 30 ሰከንድ ያህል ሊያቆየው ይችላል። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ፣ ባትሪው የደከመ ዩፒኤስ ላይ በተሰካ ሰርቨር፣ 30 ሰከንድ አጭር ጊዜ አይደለም። ጽሑፉ በእርግጥ ወደ ዲስክ እንዲወርድ የሚጠይቀው ትእዛዝ «ኤፍሲንክ» ይባላል። የፒኤችፒ ቋንቋ ይህን ትእዛዝ እንደ ራሱ ፈንክሽን ያቀረበው እ.ኤ.አ. በኅዳር ወር 2021 በወጣው 8.1 እትሙ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው «ኤፍፍላሽ» የቋንቋውን የራሱን ቋት ለኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ከማስረከብ አያልፍም ነበር። ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ያህል፣ በዚህ ቋንቋ ወደ ፋይል የጻፉ ድረ ገጾች «ተቀምጧል» ሲሉ በአብዛኛው «ይቀመጣል ተብሎ ይጠበቃል» ማለታቸው ነበር።

ጉዳዩ የጀማሪዎች ብቻ እንዳይመስል፦ የዊስኮንሲን ማዲሰን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት፣ ብዙ የተደከመባቸውንና በሰፊው የሚሠራባቸውን 11 ሥርዓቶች መርምረው ማሽኑ በድንገት ሲቆም መረጃን ለጥፋት የሚዳርጉ 60 ድክመቶችን አግኝተዋል። ከተመረመሩት መካከል የመረጃ ቋቶችም ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ በጥንቃቄው የሚታወቀው ፖስትግሬስኪውኤል፣ «ኤፍሲንክ» አንድ ጊዜ ከከሸፈ በኋላ ደግሞ መሞከር ይበቃል በሚል የተሳሳተ ግምት ለዓመታት ሲሠራ እንደነበር ታወቀ፤ በቀጣዩ ዓመትም አሠራሩ ተስተካከለ።

ይህን የሚጠቅሱ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ተስፋ ለማስቆረጥ ይጠቅሱታል። እዚህ የተጠቀሰው ግን «ፋይሉን ትተህ የመረጃ ቋት ተጠቀም» የሚለው ምክር ግማሽ መልስ መሆኑን ለማሳየት ነው። የመረጃ ቋትም በመጨረሻ ፋይል የሚጽፍ ፕሮግራም ነው። መልሱን ሳይፈትሽ «እናመሰግናለን» የሚል ገጽ ከቋት ጋር ቢጣመርም ያው ነው፤ የከሸፈው ትእዛዝ ስሙ ተለወጠ እንጂ ዝምታው አልተለወጠም። ቋቱ የብዙ ሰው በአንድ ጊዜ መጻፍን ችግር በእጅጉ ያቃልላል፤ ይህ አይካድም። ሪቻርድ ሂፕ እ.ኤ.አ. በ2000 የጀመረው ኤስኪውላይት ደግሞ ራሱን የሚያነጻጽረው ከትልልቅ ቋቶች ጋር ሳይሆን ከተራ ፋይል አከፋፈት ጋር ነው፤ ሁለት መቶ መልስ ለሚሰበስብ ጥናት ከበቂ በላይ ነው። ነገር ግን ተማሪው ለምን ቋት እንደመረጠ ሲጠየቅ «ፋይል ኋላ ቀር ስለሆነ» የሚል ከሆነ፣ ቋቱ የሚሸከምለትን ኃላፊነት አላወቀውም፤ የማይሸከምለትንም አያውቅም። የጽሑፍ ፋይል የራሱ ብልጫም አለው፦ ከብዙ ዓመት በኋላ ያለ ምንም ልዩ ሶፍትዌር ተከፍቶ ይነበባል። የጥናት መረጃን ለተከታይ ተመራማሪ ማቆየት ለሚፈልግ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

እስካሁን የተነሣው የየትም አገር ችግር ነው። የሚቀጥለው በግዕዝ ፊደል የሚጽፍን ሰው ለይቶ የሚመለከት በመሆኑ ሰፋ ያለ ቦታ ይገባዋል።

የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት ቪዥዋል ግዕዝን በመሰሉ ፎንቶች የተጻፈ ጽሑፍ ለኮምፒዩተሩ የላቲን ምልክት ነበር፤ ፎንቱ በሌለበት ማሽን ትርጉም አልባ ይሆናል። ዛሬ በአብዛኛው በሥራ ላይ ባለው ዩቲኤፍ 8 እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል በፋይል ውስጥ ሦስት ባይት ይይዛል፤ የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ። «ኢትዮጵያ» የሚለው ባለ አምስት ፊደል ቃል 15 ባይት ነው ማለት ነው። የፒኤችፒ ነባር ፈንክሽኖች የጽሑፍን ርዝመት ሲለኩም ሆነ ሲቆርጡ የሚቆጥሩት ባይትን እንጂ ፊደልን አይደለም። ፊደል የሚቆጥሩት «ኤምቢ» በሚል ቅጥያ የሚጀምሩት ናቸው።

አሁን አንድ ተማሪ ለክፍት ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ከ500 እንዳይበልጥ ወስኖ በነባሩ ፈንክሽን ይቆርጠዋል እንበል። በእንግሊዝኛ ለጻፈ ተሳታፊ 500 ፊደል ይፈቀድለታል፤ ቢቆረጥም የቀረው የሚነበብ ጽሑፍ ነው። በአማርኛ ለጻፈው 500 ባይት ጥቂት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ መቁረጫውም በአንድ ፊደል ሦስት ባይቶች መካከል የመዋል ዕድሉ በፊደሉ መጨረሻ ከማረፍ ዕድሉ ይበልጣል። በመካከሉ ሲውል የተሰበረ ፊደል ይቀራል። እስከዚህ ድረስ ጉዳቱ አንዲት ፊደል ይመስላል። ቀጥሎ ግን መልሱ ወደ ጄሰን ቅርጽ ይለወጣል። ይህን የሚሠራው «ጄሰን ኤንኮድ» የተሰበረ ፊደል ያለበትን ጽሑፍ አይቀበልም፤ ፊደሉን ብቻ ለይቶ አይጥልም፤ መልሱን በሙሉ ትቶ «ሐሰት» ይመልሳል። ፒኤችፒ «ሐሰት»ን ከመስመር መዝጊያ ጋር ሲያጣምረው እንደ ባዶ ጽሑፍ ይቆጥረዋል፤ ወደ ፋይሉ የሚጨመረውም አንድ ባዶ መስመር ይሆናል። መጻፉ ተሳክቷል፤ ስለዚህ የተመለሰውን ዋጋ የሚፈትሽ ጥንቁቅ ፕሮግራም እንኳ ስሕተት አያይም። በኋላ ፋይሉን የሚያነብበው የትንተና ፕሮግራም ባዶ መስመሮችን ዘልሎ ያልፋል።

የጠፋው የክፍቱ ጥያቄ መልስ ብቻ አይደለም፤ ዕድሜው፣ ጾታው፣ የተዘጉት ጥያቄዎች መልስ ሁሉ አብሮት ሄዷል። በእንግሊዝኛ የጻፉ አሉ፤ በአማርኛ ባጭሩ የጻፉ አሉ፤ በአማርኛ ሰፋ አድርገው ሐሳባቸውን የገለጹት ግን አብዛኞቹ የሉም። ከዚህ ፋይል የተነሣ ተመራማሪ «በአማርኛ የመለሱ ተሳታፊዎች ለክፍት ጥያቄዎች አጫጭር መልስ መስጠት ይቀናቸዋል» ብሎ ቢደመድም ከመረጃው ጋር አይጣላም፤ መረጃው በትክክል ይህን ይላልና። ምክንያቱን ለማብራራት ስለ ባህል፣ ስለ ትምህርት ሥርዓት፣ ስለ ቋንቋ ብዙ ሊጻፍ ይችላል። ምክንያቱ ግን አንድ ቅጥያ መቅረቱ ነው።

ከዚሁ ጋር የተያያዙ ሌሎች ጥቃቅን ነገሮችም አሉ። «ጄሰን ኤንኮድ» ካልተነገረው በቀር እያንዳንዱን የአማርኛ ፊደል በስድስት ምልክት በተጻፈ ኮድ ስለሚተካው ፋይሉን በዓይን አንብቦ መፈተሽ አይቻልም፤ ፊደሉን እንዳለ እንዲተው የሚያደርግ ምርጫ ስላለው ሊሰጠው ይገባል። በኤክሴል የተከፈተ የአማርኛ ፋይል ደግሞ የፊደሉን ዓይነት የሚያስታውቁት ሦስት ባይቶች በመጀመሪያው ላይ ከሌሉ ብዙ ጊዜ ተዘበራርቆ ይታያል፤ የተዘበራረቀውን አይቶ «አስቀምጥ» የሚል ሰው ዋናውን ያጠፋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ፋይል ለንባብ ብቻ ክፍት ሆኖ ትንተናው በቅጂው ላይ መሠራት አለበት። የ«ሀ»ን እና የ«ሐ»ን፣ የ«ሰ»ን እና የ«ሠ»ን ልዩነት በሚጻፍበት ጊዜ አንድ ለማድረግ መሞከርም መረጃን ማበላሸት ነው፤ ማስተካከል ካስፈለገ በትንተናው ላይ ይሁን፣ ፋይሉ ግን ተሳታፊው የጻፈውን ይያዝ።

ፋይሉ የሚቀመጥበት ቦታም ሳይነሣ አይታለፍም። የመልሶቹ ፋይል ከድረ ገጾቹ ጋር በአንድ ማኅደር ከተቀመጠ አድራሻውን የገመተ ሁሉ በአሳሹ ሊያወርደው ይችላል። ተሳታፊው ያስገባውን መለያ የፋይሉ ስም አድርጎ መጠቀም ደግሞ ፋይሉ የት እንደሚጻፍ የመወሰን ሥልጣንን ለማይታወቅ ሰው አሳልፎ መስጠት ነው። የመጻፍ ፈቃድ ሲከለከል «777» ብሎ ለሁሉም መክፈት የተለመደ ምክር ቢሆንም፣ ትክክለኛው ከድረ ገጾቹ ውጭ ላለ አንድ ማኅደር ለሰርቨሩ ተጠቃሚ ብቻ ፈቃድ መስጠት ነው። የግል መረጃን ስለ መጠበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግል መረጃ የሚሰበስብ አካል ለደኅንነቱ ኃላፊ መሆኑን ከደነገገ ወዲህ ይህ የጥሩ ልማድ ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀርቷል።

እንግዲህ ተማሪው ምን ያድርግ? ብዙዎች ኮቦ ቱልቦክስን ወይም ኦዲኬን የመሰሉ ዝግጁ መሣሪያዎችን ይመርጣሉ፤ ለመስክ ሥራ ምርጫው ጥሩ ነው። የራሱን ቅጽ መሥራት ግድ ለሚሆንበት ግን ከሁሉ የሚቀለውና የሚታመነው መንገድ ብዙ ያልተወራለት ነው፦ ለአንድ መልስ አንድ ፋይል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ዳንኤል በርንስታይን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ለኢሜይል የነደፈው «ሜይልዲር» እያንዳንዱን ደብዳቤ በራሱ ፋይል፣ መጀመሪያ በጊዜያዊ ማኅደር ይጽፈዋል፤ ተጽፎ ሲያበቃ ወደ ደረሱ ደብዳቤዎች ማኅደር ያዛውረዋል። ቁልፍ የሚባል ነገር አያስፈልገውም፤ ሁለት ሰዎች አንድ ፋይል ላይ የሚገናኙበት አጋጣሚ የለምና።

በመጠይቅ ላይ ሲውል አካሄዱ እንዲህ ነው። ለመልሱ ከሰዓቱና ከዘፈቀደ ቁጥር የተሠራ ስም ይወጣለታል። ፋይሉ «ኤክስ» በሚባለው የአከፋፈት ዓይነት ይከፈታል፤ ይህ ዓይነት በዚያ ስም ፋይል ካለ አልከፍትም ይላል። የተጻፈው ባይት ብዛት ከታሰበው ጋር ይመሳከራል፤ «ኤፍሲንክ» ይጠራል፤ ከዚያ ፋይሉ በዚያው ዲስክ ላይ ወዳለ «የደረሱ» ማኅደር በስም ለውጥ ይዛወራል። የስም ለውጡ ወይ ሙሉ በሙሉ ይሆናል ወይ አይሆንም፤ በግማሽ የተጻፈ መልስ በ«የደረሱ» ውስጥ ሊታይ አይችልም። ምስጋናው የሚታየው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ከምስጋናው ጋርም አጭር የመቀበያ ቁጥር ይሰጣል። ቁጥሩ ሁለተኛ ጥቅም አለው፦ ተሳታፊው በኋላ ከጥናቱ መውጣት ቢፈልግ ስሙን ሳይናገር የትኛው መልስ እንዲሰረዝ እንደሚሻ ማመልከት ይችላል። ማንኛውም እርምጃ ቢከሽፍ ደግሞ ገጹ እውነቱን ይናገራል፤ የሞላውንም ቅጽ ሳያጠፋ እንደገና እንዲልክ ይጠይቃል። ይህ አሠራር ብዙ ሰርቨሮች ለሚጋሩት ትልቅ ሥርዓት፣ ወይም ማሽኑ ዳግም በተነሣ ቁጥር ፋይሎችን ለሚጠርግ የክላውድ አገልግሎት አይሆንም። አብዛኛው የማስተርስ ጥናት ግን ከሁለቱም አይደለም።

በጥናቱ ዘዴ ምዕራፍ ውስጥ ይህ ከአንድ አንቀጽ በላይ አይፈጅም፦ መልሱ በምን መልክ እንደተጻፈ፣ የመጻፉ መሳካት እንዴት እንደተረጋገጠ፣ የአማርኛ ጽሑፍ በምን እንደተቆረጠ ወይም እንዳልተቆረጠ፣ ፋይሉ የት እንደተቀመጠ። ከእነዚህ ጋር አንድ ንጽጽር ቢጨመር መልካም ነው፤ ይኸውም የድረ ገጽ ሰርቨሩ መዝገብ ስንት ቅጽ እንደተላከ የሚናገረው ቁጥር ከተገኙት መልሶች ቁጥር ጋር። ሁለቱ በትክክል ላይገጥሙ ይችላሉ፤ ደግሞ የላከ፣ ሳይሞላ የላከ ሰው ይኖራልና። ልዩነቱ ግን መገለጽ አለበት፤ ፈታኙም ልዩነቱን የማየት መብት አለው።

ፍተሻው ራሱ መጠይቁ ከመበተኑ በፊት በግማሽ ቀን ያልቃል። ከአፓቼ ጋር አብሮ የሚመጣው «ኤቢ» የተባለ መሣሪያ አንድን የተሞላ ቅጽ 200 ጊዜ፣ ሃያ ሃያውን በአንድ ላይ፣ ወደ ገጹ ይልካል። በቅጹ ላይ ከተፈቀደው ርዝመት የሚበልጥ የአማርኛ አንቀጽ መኖር አለበት፤ የፍተሻው ዋና ፍሬ እዚያ ነውና። ከዚያ የደረሱት ይቆጠራሉ፤ ጥቂቶቹም ተከፍተው መጨረሻቸው ይነበባል። በፍተሻው መካከል የሰርቨሩን ገመድ መንቀልና ማሽኑ ሲነሣ ምስጋና ያገኙት ሁሉ መኖራቸውን ማየት ደግሞ ለደፋሮች የቀረ ነው፤ ሰርቨሩ ሌላ ሰው የሚሠራበት እስካልሆነ ድረስ። ቆጠራው 193 ካሳየ መጠይቁን ለመበተን ጊዜው ገና ነው፤ የሰባቱ መልሶች መድረሻ አስቀድሞ ይፈለግ።